የአባ ሰንጋ መርፌ ለማን ነው?

በአገራችን የመርፌ ክብር ታላቅ ነው። ሐኪም ቤት ደርሶ ያለ መርፌ የተመለሰ ባላገር የታከመ አይመስለውም። ጎረቤቱ «ምን አደረጉልህ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ «ምን ያደርጉልኛል፤ ጥቂት ፍሬ ክኒን አስጨብጠው ሰደዱኝ» ብሎ ይመልሳል። በሌላ በኩል ደግሞ መርፌን እንደ ጦር የሚፈራ፥ ከታቢ መጣ ሲባል ከብቱን ነድቶ ወደ ገደል የሚሸሽ አለ። ሁለቱም ያጎደሉት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መርፌው ለማን እንደ ተሠራ፥ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ጠይቆ መረዳት ነው።

እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ መርፌ ብቻ ነው፤ እርሱም የአባ ሰንጋ ክትባት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን በመካነ ሰላም አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ እንደ መሆኔ መጠን፥ ይህ በሽታ በሬውን ከገበሬው ደጅ ሲወስድ አይቻለሁ። ስለዚህ ከከብት ሐኪሞችና ከጤና ባለሙያዎች ጠይቄ፥ ከመጻሕፍትም አንብቤ ያገኘሁትን ለእናንተ ለማካፈል ወደድሁ።

አገሩን ለማታውቁት ጥቂት ላስታውሳችሁ። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ የለጋምቦን ብርዳማ አምባ አቋርጦ፥ በአቀስታ በኩል አልፎ ቦረና ይገባል። መካነ ሰላም የቦረና ከተማ ናት። ከእርስዋ ወዲያ ምድሩ እየተቆራረጠ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በአቅራቢያዋ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ደን አለ። ሕዝቡ ክርስቲያንም እስላምም ነው፤ በሠርግና በለቅሶ፥ በደቦና በእድር አይለያይም። ደጋው ገብስና ስንዴ፥ ወይና ደጋው ጤፍ ያበቅላል። ከሁሉ በላይ ግን የቤቱ ምሰሶ ከብቱ ነው። አንድ በሬ ሲሞት አንድ በሬ ብቻ የሞተ እንዳይመስላችሁ! ጥንዱ ፈርሶ የቀረውም በሬ ሥራ ይፈታል፤ ባለቤቱ መቀናጆ ፍለጋ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ማሳውም ዝናብ እያለፈበት ጦም ያድራል። የአባ ሰንጋ ነገር የሚያስጨንቀውም ስለዚህ ነው።

በሽታው ምንድር ነው?

አባ ሰንጋ ሐኪሞች «አንትራክስ» የሚሉት በሽታ ነው። ይህ የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ፍም ወይም ከሰል ማለት ነው፤ በሰው ቆዳ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ቅርፊት ስለሚያወጣ እንደዚያ ተባለ። የሚያመጣው በዐይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ከብትን፥ በግንና ፍየልን፥ ግመልንና የጋማ ከብትን ሁሉ ይይዛል። አመጣጡ ድንገተኛ ነው፤ ማታ በደኅና የገባው በሬ ጧት ተዘርሮ ይገኛል። ሬሳው ቶሎ ይነፋል፤ እንደ ሌላው ሬሳም ድርቅ አይልም። ከአፍንጫው፥ ከአፉና ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈስሳል። ይህን ምልክት ያየ ሰው ከዚያ ሬሳ ሊርቅ ይገባዋል።

የዚህ ጀርም ክፋቱ ከሌሎቹ የሚለየው አይሞትም ለማለት በሚያስደፍር ጠባዩ ነው። በሬሳው ውስጥ ተዘግቶ ሳለ በመበስበስ ብዙው ያልቃል። ነገር ግን ሬሳው ተቀድዶ ደሙ ነፋስ ሲያገኘው፥ ጀርሙ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር ይሆናል፤ ይህንንም «ስፖር» ይሉታል። ስፖሩ ፀሐይ፥ ብርድና ድርቅ ችሎ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ይቀመጣል። ለዚህም አንድ ታሪክ ምስክር ነው (የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። እንግሊዞች በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1942፥ ግሩናርድ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ላይ ይህን ጀርም በበጎች ላይ ሞከሩት። ደሴቲቱ ከዚያ በኋላ ለ48 ዓመት ያህል ለሰው የተከለከለች ሆነች። በ1986 አፈሯ በብዙ መድኃኒት ከታጠበ በኋላ፥ በ1990 ደኅና ናት ተብላ ተፈቀደች። እንግዲህ አንድ መንግሥት አንዲት ትንሽ ደሴት ለማጽዳት ይህን ያህል ከደከመ፥ እኛ የደጋውን ግጦሽ በምን እናጥበዋለን?

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ድርቅ ጠንቶ ሣር ሲያጥር፥ ቀጥሎም ዝናብ ሲጥል ነው። ሣሩ ሲያጥር ከብቱ ከነሥሩ እየነቀለ አፈሩን አብሮ ይግጣል። ጎርፍም በጥንት ጊዜ ከብት ከተቀበረበት ስፍራ ስፖሩን አውጥቶ ወደ ረግረጉ ያወርደዋል። ስለዚህ «ይህ በሽታ እዚህ ቦታ ላይ በአያቶቻችን ጊዜ ነበረ» የሚል ሽማግሌ ካለ፥ ቃሉን እንደ ተረት አንቁጠረው። ከእኛ ወደ ሰሜን ያለው የዋግ ኽምራ ሕዝብ በሽታው በተደጋጋሚ እየተነሣበት ከብቱንም ሰውንም ጎድቶበታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በአገራችን ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች እንደ አሳሳቢነታቸው በተዘረዘሩ ጊዜም፥ አባ ሰንጋ ከእብድ ውሻ በሽታ ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ ተጽፏል።

ቢላዋውና ደሙ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እገባለሁ። በወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም በክት አይበላም። በራሱ ጊዜ የሞተ ከብት ለሁለቱም ርኩስ ነው። ይህ ደግ ሕግ ነው፤ ስንቱን ከሞት እንዳዳነ እግዚአብሔር ይወቅ። ዳሩ ግን ድህነት ለሕጉ ቀዳዳ አበጀለት። በሬው መንገዳገድ ሲጀምር «ነፍሱ ሳትወጣ!» ተብሎ ቢላዋ ይዞ ይሮጣል። ክርስቲያኑ በስመ አብ፥ እስላሙ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። እንግዲህ በክት አልሆነም፤ ስለዚህ ይበላል ማለት ነው።

የሚበላውም በስግብግብነት አይደለም። ነገሩ እንዲያውም የሚመጣው ከደግነት ነው። በሬ የወደቀበት ጎረቤት ባዶ እጁን እንዳይቀር መንደርተኛው ሥጋውን በቅርጫ ይካፈልለታል፤ ገንዘብ ያዋጣለታል፤ ከዚህም ሌላ በሬ ባይገዛ ወይፈን ይገዛበታል። «አልወስድም» ያለ ሰው ሥጋውን የናቀ ሳይሆን ወንድሙን የካደ ይመስላል። እኔ የማውቀው አንድ ሽማግሌ፥ የሥጋ ጥርስ ባይኖራቸውም መደባቸውን ከፍለው ሲወስዱ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን መተሳሰብ ማን ይነቅፈዋል?

ነገር ግን አንባብያን ሆይ፥ ቢላዋው ሃይማኖቱን ያጸዳ እንደ ሆነ ነው እንጂ ደሙን አያጸዳውም። በዚያ ሰዓት በበሬው ደም ውስጥ ጀርሙ ሞልቶ ይፈላል። አራጁ፥ ቆዳውን የሚገፈው፥ ሥጋውን የሚመትረው፥ ሆድ ዕቃውን የምታጥበው ሴት፥ ሁሉም በእጃቸው ላይ ትንሽ ጭረት ቢኖር በዚያ በኩል ይገባል። ጥሬ ሥጋ ለሚወድድ ሕዝብ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። «እንቀቅለዋለን» ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ ስፖሩ ተራ የወጥ እሳትን የሚታገሥ ነው፤ ደግሞም ሥጋው ከድስት ሳይገባ በፊት እጅ፥ ቢላዋና መክተፊያ ነክቷል።

አንዲት የአክስቴ ልጅ እንዲህ ካለው ቅርጫ ሆድ ዕቃ ባጠበች በ4ኛው ቀን በክንዷ ላይ የትንኝ ንክሻ የመሰለ ነገር ወጣባት። ያሳክካል እንጂ አያምም ነበር። ከዚያ ውኃ ቋጠረ፤ ቀጥሎም መካከሉ ጎድጉዶ ጠቆረ፤ ክንዷም እስከ ትከሻዋ አበጠ። አንዱ «ይበጣ»፥ ሌላው «በጋለ ብረት ይተኮስ» አለ። ባሏ ግን ለማንም ሳይመክር በቅሎ ላይ አስቀምጦ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። በዚያ ያለው ባለሙያ በመጀመሪያ የጠየቀው «በዚህ ሳምንት የታመመ ከብት ነክተሻል?» ብሎ ነበር። መድኃኒት ሰጣት፤ ዳነች፤ ዛሬ የቀረባት ጠባሳ ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነቱ የቆዳ አባ ሰንጋ በሰው ላይ ከሚታየው ከመቶ 95 የሚበልጠው ነው። ካልታከመ ከመቶ ሰው 10 እስከ 20 ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን የሚሞተው እጅግ ጥቂት ነው። መድኃኒቶቹም እንደ ፔኒሲሊን፥ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ የታወቁ ናቸው፤ የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በሥጋ በኩል ሆድ የገባው ግን ይከፋል፤ ትኩሳት፥ ትውከት፥ የሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ከመቶ 25 እስከ 60 ሊገድል ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ስፖሩ ከአየር ጋር ወደ ሳንባ የገባ እንደ ሆነ ነው። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ግን እጅግ ያልተለመደ ስለ ሆነ፥ በሽተኛውን መሸሽና ማግለል አይገባም።

መርፌው ከየት መጣ?

በ1876 ሮበርት ኮህ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህ ባክቴሪያ የበሽታው ምክንያት መሆኑን አስረዳ። ከ5 ዓመት በኋላ፥ በ1881፥ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ፑዪ ለ ፎር በምትባል መንደር ሕዝብ በተሰበሰበበት አንድ ፈተና አደረገ። 24 በጎች፥ አንድ ፍየልና 6 ከብቶች የተዳከመ ጀርም ሁለት ጊዜ ተከተቡ። ቀጥሎ ለእነርሱም፥ ላልተከተቡትም ገዳዩ ጀርም ተሰጠ። ጁን 2 ቀን ሕዝቡ ሊያይ ሲመጣ፥ ያልተከተቡት በጎች ሞተው ወይም እያጣጣሩ ነበር፤ የተከተቡት ግን ቆመዋል። ዓለም በመርፌ ያመነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ለከብት የምንጠቀምበት ክትባት ከአፍሪካ ምድር የወጣ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ማክስ ስተርን የሚባል የከብት ሐኪም በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪካ፥ በኦንደርስተፖርት ምርምር ጣቢያ፥ መከላከያ ልባሱን ያጣ ደካማ ዘር አገኘ። ይህ ዘር በሽታ የማምጣት ኀይሉ ደክሞ፥ የከብቱን ሰውነት ግን ጠላቱን እንዲያውቅ ያስተምረዋል። የእርሱ ዘር ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። በአገራችንም በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት፥ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፥ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይህን ክትባት እያመረተ ለገበሬው እንዲደርስ ያደርጋል።

«ለእኔም ጣል አድርግልኝ»

አንድ ዓመት በበጋ፥ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ከብት ሲከተብ ቆሜ አየሁ። እረኞቹ ይጮኻሉ፤ ወይፈኑ ይራገጣል፤ የከብት ጤና ባለሙያው ላቡን እየጠረገ ይወጋል። አንድ አዛውንት ሁለቱን በሬዎቻቸውን ካስወጉ በኋላ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፥ ለበሬዬ የሰጠኸውን ለእኔም ጣል አድርግልኝ። በሬ ቢሞት በስንት መከራም ቢሆን ሌላ ይገዛል፤ እኔ ብሞት ማን ያርሳል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለሙያው ግን አልሳቀም። «አባቴ፥ ይህ የከብት ነው፤ ለሰው አይወጋም» አላቸው።

«ምነው? እኔንም በሬዬንም የሚገድለን አንድ በሽታ አይደለም እንዴ?»

«በሽታው አንድ ነው፤ ክትባቱ ግን አንድ አይደለም። በዚህ ጠርሙስ ያለው የተዳከመ ይሁን እንጂ ሕያው ጀርም ነው፤ ለሰው ተብሎ አልተሠራም። እኔ ራሴ በስሕተት ጣቴን ብወጋ ታጥቤ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብኝ።»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን መልሰው ጣል አደረጉና፥ «እንግዲያ እኔን ማን ይጠብቀኛል?» ብለው ጠየቁ።

«በሬዎ ነዋ! እርሱ ካልታመመ እርስዎ ከየት ያገኙታል?»

ይህ መልስ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በእርግጥም በደጋው ሰው ላይ የሚደርሰው አባ ሰንጋ የሚመጣው ከእንስሳ ነው። ስለዚህ የበሬው መርፌ የባለቤቱም፥ የሚስቱም፥ የልጆቹም መርፌ ነው።

ከብት የሚያስከትብ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

ክትባቱ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለከብት 1 ሚሊ ሊትር፥ ለበግና ለፍየል 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ኀይሉ ለአንድ ዓመት ያህል ስለ ሆነ በሽታው በሚነሣበት አገር በየዓመቱ መደገም አለበት። ዛሬ ተወግቶ ዛሬ አይጠብቅም፤ የከብቱ ሰውነት መከላከያውን እስኪያበጅ ድረስ ከሳምንት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ የሚሻለው በሽታው ከሚነሣበት ወራት አስቀድሞ ማስከተብ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ክፉ ወሬ ይወለዳል። በሽታው መንደር ከገባ በኋላ ከታቢ ይጠራል። ከተከተቡት መካከል በሽታው አስቀድሞ የገባበት አንድ ከብት በማግሥቱ ይሞታል። ያን ጊዜ «መርፌው ገደለው» ይባልና በሚመጣው ዓመት ማንም ከብቱን አያወጣም። አንባብያን ሆይ፥ መርፌው ዘግይቶ ደረሰ እንጂ አልገደለም። ዘግይቶ የመጣ ዳኛ ወንጀለኛ ነው አይባልም።

ደግሞም በክትባቱ ሰሞን ለከብቱ እንደ ፔኒሲሊን ያለ መድኃኒት መስጠት አይገባም፤ መድኃኒቱ ሕያው የሆነውን ክትባት ይገድለውና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በተወጋበት ስፍራ ጥቂት ቢያብጥ፥ በተለይም በፍየል ላይ፥ አትደንግጡ። የተከተበውን ከብትም ለጥቂት ሳምንታት ለዕርድ አታቅርቡ፤ የቀኑን ቁጥር ከከታቢው ጠይቃችሁ ያዙ። የታመመና ትኩሳት ያለበት ከብት ካለም ሳትደብቁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሰው የሚከተበው መርፌ

ለሰው የሚሆን የአባ ሰንጋ ክትባትስ የለም ወይ? አለ። ታሪኩም ከሱፍና ከጠጉር ጋር የተያያዘ ነው። በእንግሊዝ አገር፥ በብራድፎርድ ከተማ፥ ከባሕር ማዶ የመጣውን ጠጉር የሚለዩ ሠራተኞች ድንገት እየታመሙ ይሞቱ ነበር፤ በሽታውም «የሱፍ ለይዎች በሽታ» ተባለ። በአሜሪካም በ1957፥ በኒው ሃምፕሺር ግዛት በማንችስተር ከተማ፥ የፍየል ጠጉር የሚፈትል አንድ ፋብሪካ ውስጥ 9 ሠራተኞች ታመሙ፤ በሳንባቸው ከታመሙት 5 ሰዎች 4ቱ ሞቱ። በዚያን ጊዜ በጠጉር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ አዲስ ክትባት እየተፈተነ ነበርና፥ ከታመሙት አንዱም ሙሉ ክትባት የወሰደ አልነበረም። ያ ክትባት ተሻሽሎ በ1970 በአሜሪካ ተፈቀደ። በሶቭየት ኅብረት ደግሞ ሌላ ዓይነት፥ ከተዳከመ ሕያው ጀርም የተሠራ የሰው ክትባት ነበራቸው።

እኛ ባና የምንለብስና ዝተት የምናነጥፍ ሕዝብ ብንሆንም ይህ ታሪክ ሊያስፈራን አይገባም። ከጤነኛ በግ የተሸለተ ጠጉር በሽታ አያመጣም። ከሞተ በግ ላይ ጠጉርም ቆዳም አለመውሰድ ግን ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነው።

የሰው ክትባት ዛሬ የሚሰጠው ለጥቂቶች ነው፤ ይኸውም ጀርሙን በላቦራቶሪ ለሚመረምሩ፥ አደጋ በበዛበት ሥራ ላይ ላሉ የእንስሳት ሠራተኞችና ለወታደሮች ነው። የአሜሪካ ጦር ከ1998 ጀምሮ ለሠራዊቱ ሰጥቷል። በ2001 በፖስታ የተላከ የአባ ሰንጋ ዱቄት በዚያው አገር 22 ሰዎችን አሳምሞ 5ቱን በገደለ ጊዜም፥ ለተጋለጡ ሰዎች ከመድኃኒት ጋር እንዲወስዱት ቀርቦ ነበር። በአገራችን የመደበኛ ክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ብትጠይቁና «የለም» ብትባሉ፥ ባለሙያው የደበቃችሁ ነገር የለም።

በውጭ አገር በላቦራቶሪ ወይም በውትድርና ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ይህን መርፌ ውሰዱ የተባሉ እንደ ሆነ ግን የሚከተለውን ይወቁ። በአሜሪካ የሚሠራበት ክትባት ሕያው ጀርም የለበትም፤ ስለዚህ በሽታውን ራሱን ሊያመጣ አይችልም። ለሥራ የሚወስዱት በክንድ ጡንቻ ላይ በመጀመሪያ ቀን፥ በ1ኛው ወርና በ6ኛው ወር ይወጋሉ፤ በ12ኛውና በ18ኛው ወር ይደገማል፤ ከዚያም በሐኪም ትእዛዝ ማጠናከሪያ ይኖራል። አንድ ጊዜ ተወግቶ ማቋረጥ ግማሽ ቤት ሠርቶ መተው ነው። ለስፖሩ ከተጋለጡ በኋላ የሚወስዱት ደግሞ 3 ጊዜ፥ በየ2 ሳምንቱ ይወጋሉ፤ እስከ 60 ቀን ድረስም መድኃኒት ይውጣሉ። ስፖሩ በሳንባ ውስጥ ለሳምንታት ተኝቶ ሊነሣ ስለሚችል፥ «ደኅና ነኝ» ብሎ ክኒኑን መጣል አደገኛ ነው።

የተወጋው ክንድ ቢያምም፥ ቢቀላና ቢያብጥ፥ ራስ ምታትና ድካም ቢሰማ የተለመደ ነው፤ በጥቂት ቀን ያልፋል። ፊት ቢያብጥ፥ ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ሰውነት ሁሉ ሽፍታ ቢያወጣ ግን ፈጥኖ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ከመወጋት አስቀድሞም፥ ከዚህ በፊት በክትባት ክፉ ጉዳት የደረሰበት፥ ነፍሰ ጡር የሆነች፥ በዚያ ቀን ትኩሳት ያለበት፥ ወይም ሰውነትን የሚያደክም ሕመም ያለበት ሰው ሳያፍር ይናገር። የተከተበ ሰውም ጓንቱንና ጥንቃቄውን አይጣል፤ በጠጉር ሠራተኞች ላይ በተደረገው ፈተና ክትባቱ በሽታውን ከመቶ 92.5 ያህል ቀነሰው እንጂ ፈጽሞ አላጠፋውም።

መደምደሚያ

አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ዘመን የመጣው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው ነበር። ያን በሽታ ዓለም በክትባት ተጋግዞ በ2011 ከምድር ላይ ማጥፋቱን አወጀ። አባ ሰንጋ ግን እንዲህ አይጠፋም። ደስታ የሚኖረው በሕያው እንስሳ ሰውነት ነበር፤ አባ ሰንጋ ግን በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ከእርሱ ጋር ያለን ነገር በየዓመቱ የሚታደስ ጥበቃ ነው።

ጥበቃውም ሦስት ነው። አንደኛ፥ ከታቢ ሲመጣ ከብትን ሳይደብቁ ማውጣት። ሁለተኛ፥ ድንገት የወደቀውን ከብት ሳያርዱ፥ ሳይገፉና ሳይከፍቱ ለእንስሳት ጤና ኬላ መንገር፤ በባለሙያው ምክርም ማቃጠል፥ ማገዶና ኩበት ባነሰበት አገር ደግሞ ከውኃ ርቆ ውሻና ጅብ በማያወጣው 2 ሜትር ያህል በጠለቀ ጉድጓድ መቅበር። ሦስተኛ፥ በቆዳ ላይ የማያምም ጥቁር ቁስል የወጣበት ወይም እንዲህ ያለ ሥጋ በልቶ የታመመ ሰው፥ ሳይበጣና ሳይተኮስ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፤ የነካውን ከብትም ሳይደብቅ መናገር።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። በሬው የወደቀበትን ሰው «ቅበረው» ብሎ ትቶ መሄድ ቀላል አይደለም፤ ነገ ጧት ቀንበሩን የሚሸከምለት የለም። ስለዚህ ቅርጫውን ስናስቀር ደግነቱን አብረን አናስቀር። ለሥጋው ልናዋጣ የነበረውን ገንዘብ ያለ ሥጋው እናዋጣለት፤ እድሩም ለሰው ሞት እንደሚደርስ ለበሬውም ሞት ይድረስ፤ መቀናጆ ያለውም በሬውን ያውሰው። ያን ጊዜ ማንም ገበሬ ቢላዋ ይዞ ወደሚንገዳገድ በሬ የሚሮጥበት ምክንያት አይኖረውም። መርፌው ከብቱን ይጠብቃል፤ መርፌው ያልደረሰበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ግን ጎረቤት ነው።